ጁሱ ለምን መረረ? የኤሌክትሪክ ብርቱካን መጭመቂያ በቤታችን



በዚህ ጽሑፍ የምናወራው ስለ አንድ ትንሽ የኩሽና ዕቃ ነው። ከላዩ ሾጣጣ ያለው፣ ግማሽ ብርቱካን ሲጫኑበት የሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ መጭመቂያ። በብዙ ቤት አለ። አንዳንዱ ከገበያ የተገዛ ነው፤ አንዳንዱ ዓረብ አገር ካለች እህት ወይም አክስት የተላከ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከካርቶኑ የሚወጣው ረመዷን ሲገባ ነው፤ ዒድ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይገባል። በመካከሉ ሦስት ቅሬታ ደጋግመን እንሰማለን፤ «ጁሱ ይመራል»፣ «ብርቱካኑን ይጨርሳል እንጂ ጭማቂ አይወጣውም»፣ «ሁለት ሳምንት ሠርቶ ተቃጠለ»።

ብርቱካን ርካሽ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ይቻል ነበር። ዛሬ ግን በስንት ሒሳብ የተገዛ ብርቱካን ግማሽ ጭማቂው ልጣጩ ውስጥ ቀርቶ ሲጣል፣ ወይም አንድ ጆግ ሙሉ ጁስ መርሮ ሲደፋ ያንገበግባል። ኢስራፍ በትልቅ ድግስ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። በእኛ አስተያየት ደግሞ ከሦስቱ ቅሬታዎች አብዛኛው የማሽኑ ጥፋት አይደለም። ማሽኑ የሚያደርገው ማሽከርከር ነው፤ የሚጨምቀው እጃችን ነው። ምን ያህል ተጫንን፣ ለስንት ሰከንድ፣ ከመግሪብ ስንት ሰዓት ቀድመን የሚሉት ነገሮች የጁሱን ጣዕምም የሞተሩን ዕድሜም ይወስናሉ።

በመጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው። ከሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ትንሽ ሞተርና ጥቂት ጥርሳም ማርሾች አሉ። ማርሾቹ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሰው ጉልበቱን ይጨምራሉ፤ ሾጣጣው በዝግታ የሚዞረው ለዚህ ነው። ማብሪያና ማጥፊያው በብዙዎቹ ላይ አይታይም፤ ሾጣጣውን ስንጫነው ይነሳል፣ ስንለቀው ይቆማል። ከሾጣጣው ሥር ወንፊት፣ ከወንፊቱ ሥር ማጠራቀሚያ አለ። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ብናነብ በብዙዎቹ ላይ ከ20 እስከ 40 ዋት የሚል እናገኛለን፤ ውድ የሆኑት ከ100 ዋት በላይ ይደርሳሉ። አቮካዶና ማንጎ የምንፈጭበት ብሌንደር 300 ዋትና ከዚያ በላይ መሆኑን ስናስብ ይህ ምን ያህል አቅመ ደካማ ሞተር እንደሆነ ይገባናል። ለጉልበት የተሠራ አይደለም።

አንዳንድ ሰው ሾጣጣው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሲዞር አይቶ ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። በትንንሾቹ መጭመቂያዎች ውስጥ ያለው ሞተር በብዛት ከመብራቱ ሞገድ ጋር እኩል የሚሄድ ዓይነት ነው፤ ሲነሳ ወደየትኛውም አቅጣጫ ሊነሳ ይችላል። ለእኛም ይጠቅመናል። የብርቱካኑን ክፍሎች የሚለየው ስስ ሽፋን ከሁለቱም ጎን ስለሚላጥ አንድ ጎን ላይ የሚቀር ጭማቂ አይኖርም። ስለዚህ በመካከል ላላ አድርጎ መልሶ መጫን ጥሩ ልማድ ነው።

ወደ ብርቱካኑ እንምጣ። ስንገዛ ቀለሙን ሳይሆን ክብደቱን እንይ። በሞቃት አካባቢ የሚበቅል ብርቱካን ውስጡ ጣፋጭ ሆኖም ልጣጩ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ልጣጩ ወደ ብርቱካናማ የሚለወጠው ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ነውና። እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ብርቱካኖች በእጃችን የከበደው ብዙ ውኃ ይዟል። ልጣጩ ወፍራምና ሸካራ የሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲቆረጥ ነጩ ይበዛል፣ ፍሬው ያንሳል።

ከፍሪጅ የወጣ ብርቱካን ጠንካራ ስለሆነ ጭማቂውን በቀላሉ አይለቅም። ትንሽ ውጭ ይቆይና ሙቀቱ ይመለስ፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችን ጫን እያልን ሁለት ሦስት ጊዜ እናንከባልለው። ልጣጩንም እንጠበው። «ልጣጩ ይጣላል፣ ለምን እናጥበዋለን?» የሚል ይኖራል። ቢላዋው የሚገባው በልጣጩ በኩል ነው፤ ላዩ ላይ ያለውን አቧራና ጀርም ይዞ ወደ ፍሬው ይገባል። እጃችንም ልጣጩን ሲጨብጥ የነካው ሁሉ ወደ ጁሱ ይንጠባጠባል።

አቆራረጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብርቱካኑን ከግንዱ ጋር ተያይዞ የነበረበት ቦታ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገን ብናቆም፣ የምንቆርጠው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ወገቡ ላይ አግድም ነው። እንዲህ ሲቆረጥ ክፍሎቹ ሁሉ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ፤ ሾጣጣው መካከላቸው ሲገባ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያገኛል። ከላይ ወደ ታች ከተቆረጠ ግን ሾጣጣው የሚያገኘው ጥቂቶቹን ነው፤ የቀሩትን ለማግኘት አብዝተን እንጫናለን። መጫን ደግሞ የመረረ ጁስ መጀመሪያ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ጁሱ ለምን ይመራል?

መራራነቱ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከልጣጩ ውጫዊ ክፍል ነው። ብርቱካን ስንልጥ ዓይን ውስጥ ገብቶ የሚያቃጥለው፣ ሽታው የሚያውድ ዘይት እዚያ አለ። ልጣጩን በእጃችን አጥብቀን ስንጨብጠው ዘይቱ ይፈናጠርና ከጁሱ ጋር ይቀላቀላል። ጥቂቱ መዓዛ ነው፤ ሲበዛ ምላስ ያቃጥላል። ይህን ወዲያው ስንቀምሰው እናውቀዋለን።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው፤ ወዲያው አይታወቅም። በነጩ የልጣጩ ውስጠኛ ክፍል፣ በስስ ሽፋኖቹና በዘሩ ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር አለ። ፍሬው ሳይነካ እንዳለ ይህ ነገር አይመርም። ተፈጭቶ ከጭማቂው አሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ሊሞኒን ይባላል፣ እጅግ መራራ ነው። ለውጡ ሰዓታት ይወስዳል። ዙህር ላይ ተጨምቆ ሲቀመስ ማር የመሰለ ጁስ ለኢፍጧር ሲቀርብ ፊት የሚያስኮሰኩሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጨማቂዋ ትገረማለች፣ ብርቱካን ሻጩ ይወቀሳል። እምብርት ያለው ዓይነት ብርቱካን በዚህ ይብሳል፤ ለመብላት ግሩም ሆኖ ሳለ ለሚያድር ጁስ ግን አይመከርም። ብርቱካን ከነነጩና ከነዘሩ በብሌንደር የሚፈጭ ሰውም ያንኑ ያገኛል፤ ምክንያቱም ዘሩ ይሰበራል።

ስኳር መጨመር መራራነቱን ጥቂት ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ማፍላትም ነገሩን ያፋጥነዋል። መፍትሔው ሲጨመቅ ነው ያለው። ግማሹን ብርቱካን ሾጣጣው ጫፍ ላይ መካከሉን አስተካክለን እናስቀምጥ፤ በመዳፍ ቀለል አድርገን እንጫን። ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ይበቃል። ጭማቂው ከመውረድ ወደ መንጠባጠብ ሲለወጥ እናቁም። ውስጡን ስናየው ሽፋኖቹ ተቦጫጭቀው ጥቂት ቀርተው፣ ነጩ ግን ሳይፋቅ መታየት አለበት። ነጩ ተፍቆ ልጣጩ እንደ ወረቀት ከሳሳ አልፈናል። «ጠብታ አትቅር» ብለን የምናወጣት የመጨረሻዋ ማንኪያ ጭማቂ ናት ጆጉን ሙሉ የምታበላሸው። ቆጣቢነት የሚመስለው ነገር እዚህ ላይ ማባከን ይሆናል።

ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ሥጋ በተመለከተ እንደ ምርጫችን ነው። አንዳንዱ ማሽን የወንፊቱን ቀዳዳ ማጥበቢያና ማስፊያ አለው። ሥጋው ጤናማ ነው፣ መራራም አይደለም፤ ስስ ሽፋኑንና ዘሩን ግን በማንኪያ እየፈተግን በወንፊቱ ማሳለፍ የለብንም።

ሰዓቱን በተመለከተ የእኛ ምክር ከዐስር በኋላ፣ ቢቻል ኢፍጧር ሊቃረብ ሲል መጨመቅ ነው። የሳምቡሳው ሥራ ከበዛና ቀድሞ መጨመቅ ግድ ከሆነ ተሸፍኖ ፍሪጅ ይግባ። «ቫይታሚኑ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል» የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ተከድኖ በቅዝቃዜ የተቀመጠ ጁስ ቫይታሚን ሲውን የሚያጣው ቀስ እያለ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ያልፈላ ትኩስ ጁስ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም፤ በሞቃት አካባቢ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ሊበላሽ ይችላል። የምናስቀምጥበት ዕቃም ብርጭቆ፣ የማይዝግ ብረት ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን። አሲዱ አሉሚኒየም ስለሚበላ በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ የዋለ ጁስ ብረት ብረት ይላል።

ስለ ሞተሩ መቃጠል እንነጋገር። አንድ መካከለኛ ብርቱካን በአማካይ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ጭማቂ ይሰጣል ብንል፣ ለአንድ 200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ሦስት ብርቱካን ያስፈልጋል። ስድስት ሰው ላለበት ቤት 18 ብርቱካን፣ ማለትም 36 ግማሽ። እያንዳንዱ አሥር ሰከንድ ቢወስድ ማሽኑ ስድስት ደቂቃ ይሠራል። ይህ ከአቅሙ በታች ይመስላል፤ ግን ብዙዎቹ መጭመቂያዎች ያለ እረፍት እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ጊዜ አጭር ነው። መመሪያው ወረቀት ላይ ወይም ሥሩ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ «ኬ» እና «ቢ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላትና ከጎናቸው የደቂቃ ቁጥር ካለ፣ ያ ቁጥር ሳይቆም የሚሠራበት ከፍተኛ ጊዜ ነው። አምስት ካለ አምስት ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይረፍ፤ እኛም እስከዚያ የቀረውን ብርቱካን እንቁረጥ።

ይህንኑ ሒሳብ በጀመዓ ኢፍጧር ላይ እንሥራው። ለ100 ሰው 300 ብርቱካን፣ 600 ግማሽ፣ አሥር አሥር ሰከንድ፤ 100 ደቂቃ ንጹሕ የሥራ ጊዜ ነው። በየአምስት ደቂቃው አሥር ደቂቃ ብናሳርፈው ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። የማንም እህት የቤት ዕቃ ተለምኖ ለዚህ ሥራ መቅረብ የለበትም። ለእንዲህ ያለው ቀን እንደ ማንሻ ወደ ታች የሚጎተተው የእጅ መጭመቂያ ይሻላል፤ ጁስ ቤቶችም ይጠቀሙበታል። መብራት አይፈልግም፣ አይግልም፣ ሁለት ወንድሞች እየተቀያየሩ ይጨርሱታል።

ሞተሩ እያጉረመረመ አልዞር ካለ ወዲያው እጃችንን እናንሳ። ወይ አብዝተን ተጭነናል፣ ወይ የመብራቱ ኃይል ወርዷል። ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር ከሚዞር ሞተር ይበልጥ ይግላል፤ ጥቂት ደቂቃ እንዲህ ቢቆይ ሊቃጠል ይችላል። መብራቱ ጨርሶ ከሄደ ደግሞ ሥራው አይቆምም። ስፒናውን ነቅለን ሾጣጣውን እናውጣ፤ በአንድ እጅ ሾጣጣውን ይዘን በሌላው ግማሹን ብርቱካን እያዞርን ሳህን ላይ መጨመቅ ይቻላል።

ከውጭ የመጣ ማሽን ከመሰካታችን በፊት ሥሩን እናንብብ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት ዕቃ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ከመጭመቂያው ሊወደድ ይችላል። 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ከሆነ እንደየሞተሩ ዓይነት ዝግ ብሎ ሊዞርና ይበልጥ ሊግል ይችላል፤ እረፍቱን እናብዛለት። የዓረብ አገር ስፒና ባለ ሦስት ወፍራም እግር ስለሆነ በደንብ የሚገጥም አዳፕተር ይገዛ። እግሩን ቆርጦ ወይም ሽቦውን ራቁቱን ሶኬት ውስጥ ሰክቶ መጠቀም ሕይወት ያስከፍላል፤ በተለይ ብርቱካን ስንጨምቅ እጃችን ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በእርጥብ እጅ ስፒና አይነካም። ማሽኑ ከውኃ ቧንቧው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ገመዱ በጁስ ውስጥ አይለፍ፤ ሾጣጣውን ከማውጣታችን በፊት ይነቀል። ዶርም ውስጥ ስለመጠቀም ለሚጠይቁን፦ የየግቢውን ደንብ ተመልከቱ። ሶኬቱ ለስልክና ለላፕቶፕ እንኳ በማከፋፈያ ተጨናንቆ ሳለ ሌላ ዕቃ መጨመሩ የሌላውንም ተማሪ ደኅንነት ይነካል።

ማጽዳቱን ለነገ አናሳድር። የብርቱካን ሥጋ ወንፊቱ ላይ ከደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ወዲያው ከታጠበ ግን ውኃ ብቻ ይወስደዋል። ሾጣጣው፣ ወንፊቱና ማጠራቀሚያው በሞቀ ውኃና ሳሙና ይታጠባሉ፤ ለወንፊቱ ቀዳዳ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሚያህል የለም። ሞተሩ ያለበት ሳጥን ውኃ ውስጥ አይነከርም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ሾጣጣው የሚገጥምበት ዘንግ ሥር ጁስ እየገባ ይደርቃል፣ ትንንሽ ዝንቦችም የሚሰበሰቡት እዚያ ነው፤ ያን ቦታ እንዳንረሳው። ሁሉም ደርቆ ይገጠም።

አጠጣጡም የአጠቃቀሙ አካል ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ብርቱካን መገልበጥ በተለይ ጨጓራ ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። በተምርና በውኃ ማፍጠሩ፣ ከሰላት በኋላ ጥቂት ምግብ ቀምሶ ጁሱን ማስከተሉ ለሆድም ይቀላል። ስኳር መጨመር አያስፈልግም፤ አንድ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ የብርቱካን ጁስ ራሱ 20 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ከፍራፍሬ ጭማቂ የሚገኘውን ስኳር ልንቀንሰው ከሚገባው ስኳር ጋር ቆጥሮታል። ሦስት ብርቱካን ቁጭ ብለን ለመብላት እንሰለቻለን፤ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ግን ቀላል ነው፣ ቃጫውም ወንፊቱ ላይ ቀርቷል። ከጠጣን በኋላ አፋችንን በውኃ እንጉመጥመጥ፤ አሲዱ የጥርስን ሽፋን ለጊዜው ስለሚያለሰልስ ጥርሳችንን ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት እንታገሥ።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ወንድሞችና እህቶች ጁሱን ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ይጠጡ። አንድ ነገር ግን አብሮ የሚኖር ሁሉ ይወቅ። የስኳር ታማሚ ጓደኛችን በጾም ላይ ሳለ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው ወይም ግራ ከተጋባ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ እስከ መግሪብ አይጠበቅም፤ ጾሙን ይፍታ። መለኪያ በአቅራቢያ ከሌለም ፍለጋ ላይ ጊዜ አይጥፋ። ግማሽ ብርጭቆ፣ ማለትም 120 ሚሊ ሊትር ገደማ የብርቱካን ጁስ 15 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጠዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፤ ካልተነሳ ይደገም። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠው፣ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ግሬፕፍሩት ለምትጨምቁም አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የደም ግፊት መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፣ መድኃኒት የምትወስዱ ፋርማሲ ጠይቁ።

በመጨረሻ ሎሚ። የአገራችን ትንሿ ሎሚ ለብዙ ማሽኖች ሾጣጣ ታንሳለች፤ ትንሽ ሾጣጣ አብሮ ከመጣ እሱን እንግጠም፣ ካልመጣ የእጅ መጭመቂያ ይሻላታል። ሎሚ ጨምቀን ፀሐይ ላይ ከመውጣታችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። የሎሚ ልጣጭ ዘይትና ጭማቂ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ሎሚ በረከሰ ጊዜ ብዙ ገዝተን ጨምቀን በበረዶ መሥሪያው ውስጥ ብናቀዘቅዘው፣ አንድ አንድ ፍሬ እያወጣን ለሰላጣውም፣ ለሾርባውም፣ ለአቮካዶ ጁሱም ወሩን ሙሉ እንጠቀምበታለን።